ማግዳሌና የምትባል ሴት የለችም

መጽሐፉ ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ነበረው። ሽፋኑ ላይ በወርቅማ ቀለም አንድ ጋሻና ሁለት የቆሙ አንበሶች ታትመዋል፤ ከሥራቸው «የኡበን ቤተሰብ ታሪክ» ይላል። ትሪና ኡበን መነጽሯን አጠለቀችና አንበሶቹን ትክ ብላ አየቻቸው።

«እነዚህ ደግሞ የማን ከብቶች ናቸው?» አለች።

«አርማችን ነው እኮ፣ አክስቴ!» አለ ቨርሊን። ቨርሊን የወንድሟ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ አምስት፣ ሥራው የበቆሎ ምርጥ ዘር መሸጥ፤ በቆሎ የተሳለበትን ኮፍያውን ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቅም። «የቤተሰብ ስምህን አርማ ለሚሸጥ ድርጅት በፖስታ ትልካለህ፣ እነሱ አርማህን ፈልገው ይልኩልሃል።»

«አባቴ አሳማ አርብቷል፣ ዶሮም አርብቷል። አንበሳ ግን ግቢያችን ገብቶ አያውቅም።»

ቨርሊን ሳቀ። ነጋዴ ስለሆነ ለሁሉም ነገር መሳቅ ልማድ ሆኖበታል። ከዚያ ማንኪያውን አንስቶ ሻዩን ማማሰል ጀመረ፤ ትሪናም ጥርሷን ነከሰች። በኡበን ቤት ሻይ አይማሰልም። ከሥር የድንጋይ ስኳር ይቀመጣል፣ ትኩሱ ሻይ ሲፈስበት ጧ ጧ ይላል፣ ከላይ ክሬም በጎን በኩል ጠብ ይደረጋል፤ ከዚያ መጀመሪያ መራራው፣ ኋላ ጣፋጩ እየተባለ በትዕግሥት ይጠጣል። ይህን ስንት ጊዜ ነግራዋለች። የአያቶቹን ሻይ መጠጣት የማያውቅ ሰው የአያቶቹን ታሪክ ጽፎ መምጣቱ በራሱ ደም የሚያፈላ ነገር ነበር።

«ገጽ ሰባትን ያንብቡልኝ» አላት በኩራት።

አነበበች። «የቤተሰባችን መሥራች የሆነው ባላባቱ ሃርም ኡበን በ1871 በዚህችው በኔብራስካ ምድር ወይዘሮ ማግዳሌና ሂንሪክስን አገባ። ማግዳሌና ከቀድሞ ባሏ ሰፊ ርስት የወረሰች፣ ባል የሞተባት የተከበረች እመቤት ነበረች።»

ትሪና ደግማ አነበበችው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ እጇን አንበሶቹ ላይ ጫነች።

«ማግዳሌና ማናት?»

«አያትዎ ናታ!»

«የእኔ አያት ስሟ ቩብኬ ነው።»

«እሱማ የቤት ስሟ ይሆናላ፣ አክስቴ።»

«የቤት ስም! እኔን ያሳደገችኝን ሴት ስም አንተ ልታስተምረኝ ነው? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ጣሪያ ሥር አብሬያት ኖሬያለሁ። ይህችን ማግዳሌናን ከየት አምጥተህ ነው ከአያቴ አልጋ ላይ የምታስተኛት?»

ቨርሊን ሳቁን ዋጠው። ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ እንዳገኘው፣ በገዛ ዓይኑ እንዳየው ማለ። ትሪናም ባርኔጣዋን አድርጋ ከዘራዋን አነሣች። «እንግዲያው ዓይንህን ይዘህ ተከተለኝ» አለችው።

መዝገቡ ከፓስተሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። የድሮው የጀርመን እጅ ጽሑፍ ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ አጥር እንጨት ተደርድሮ ይቆማል። ትሪና በልጅነቷ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ገና ሳይዘጋ፣ ስምንት ዓመት በዚያ ፊደል ተቀጥታለች። ዛሬ በመንደሩ እሷን የመሰለ አንባቢ አንድም የቀረ የለም። ቨርሊንም ይህን እያወቀ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጽፍ አንድ ቀን እንኳ በሯን ያላንኳኳው። በመዝገበ ቃላት ተማምኖ ነው፤ ሊያስደንቃት ፈልጎ ነው እንኳ ቢባል ይቅር የሚባል አይደለም።

«ይኸው!» አለ ቨርሊን ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ። «ይቺ ‘ቪትቨ’ ናት፤ ባል የሞተባት ማለት ነው። ሂንሪክስ የአባት ስም። ‘ማግድ’ ደግሞ ማግዳሌና ሲያጥር።»

«ጣትህን አንሣ። ይሄ ቪትቨ አይደለም፣ ቩብኬ ነው። ፊደሉ ራስ ላይ ያሉትን እነዚህን ሁለት ነጥቦች አታይም? ዝንብ የጣለቻቸው መሰለህ? ማግድ ደግሞ የሰው ስም አይደለም። ‘ሌና’ን ከኪስህ አውጥተህ ነው የጨመርክላት። ማግድ ማለት ገረድ ማለት ነው።»

«ገረድ?»

«ገረድ! ላም የምታልብ፣ ወለል የምትፈትግ፣ ሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የምታድር!»

«ታዲያ ሃርም… እዚህ እኮ ‘ክኔኽት’ ይላል። የእንግሊዝኛው ‘ናይት’ ከዚህ ቃል ነው የመጣው፤ የጦር ፈረሰኛ፣ ባላባት…»

«በጀርመንኛ የእርሻ ሎሌ ነው። ሃርም ፈረስ ነበረው፤ ግን የሰው ፈረስ ነው፣ ፋንድያውን ይጠርግለት ነበር። እሺ፣ ርስቱንስ ከየት አመጣኸው?»

ቨርሊን አንገቱን አከከ። «ባል የሞተባት ከሆነች መቼም አንድ ነገር ወርሳለች ብዬ ነዋ።»

ወጣቱ ፓስተር ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ወደ መስኮቱ ዞረ። ትሪና ግን አልሳቀችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በኦገስት የመጀመሪያው እሑድ፣ የኡበን ዘር በሙሉ ከየግዛቱ ተሰብስቦ ከመቃብሩ በር አጠገብ ትልቅ የግራናይት ሐውልት ሊመርቅ ነው። ሐውልቱ ላይ የሚቀረጸው ያው ገጽ ሰባት ነው። መጽሐፍ ይቀደዳል፣ ይጠፋል፣ አይጥም ይበላዋል፤ ድንጋይ ግን ይቆያል። ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እሷ ከሞተች በኋላ ቩብኬ የምትባል ሴት በዚህች ምድር ላይ ነበረች የሚል አንድ ሰው አይተርፍም።

«ከበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ጋር ልነጋገር» ብሎ ቨርሊን ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለ። ድምፁ ዘር ሲሸጥ እንደሚያደርገው ለስልሶ ነበር። ድንጋዩ ተቀርጾ አልቋል አላት። መጽሐፉም ሊንከንና ዴንቨር ያሉት ዘመዶች እጅ ገብቷል አላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ወይዘሮ ማግዳሌናን ወዷታል።

«ወዷታል?»

«ከኮሚቴው ዶሪስ እንደውም ለልጅ ልጇ ስሟን አውጥታላታለች። እንዲህ ነው ያለችው፣ አክስቴ፤ ‘በየትኛው ቤተሰብ ሐውልት ላይ ነው ገረድ ተብሎ የሚጻፈው?’ አለች። ትንሽ ከፍ ብትል ማንን ይጎዳል?»

ትሪና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ማንን ይጎዳል! አንዲት ሴት ሕይወቷን ሙሉ ሠርታ፣ ሬሳዋ ላይ ሌላ ሴት ቆማ ምስጋናውን ስትቀበል ማንን ይጎዳል ይባላል? እነዚህ ሰዎች አያት አይፈልጉም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ነው የሚፈልጉት።

ቩብኬ ሂንሪክስ ከጀርመን፣ ከሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ተራራ የሚባል ነገር በሩቁ እንኳ ከማይታይበት ሜዳ፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መጣች። የአገሯ ሰዎች ቤት አራት ዓመት አገለገለች። እዚያው ቤት ሎሌ የነበረውን ሃርምን አገባች። ከሣር ሥርና ከአፈር በተቆለለ ቤት ውስጥ ስምንት ልጅ ወልዳ አምስቱን ቀበረች፤ ዝናብ ሲጥል የልጆቹ አልጋ ላይ ጃንጥላ ትዘረጋ ነበር። የትሪና እናት ትሪናን ወልዳ በሳምንቷ ስትሞት ሕፃኗን ጠቅልላ የወሰደችው ቩብኬ ናት። ሃርም ኡበንም በ1903 ሞቶ እርሻው ሲንገዳገድ ያቆመችው ያቺው የሃምሳ አምስት ዓመት «ገረድ» ናት። እንግሊዝኛ አታውቅም። ጀርመንኛ የምትለውም የቤታቸውን፣ የባሕር ዳሩን ቋንቋ ነው፤ መዝገቡ ላይ ማግድ ተብሎ የሚጻፈው ቃል በዚያ ቋንቋ ሲነገር «ማይድ» ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና አሜሪካ ጀርመንን ወጋች። 1918 ላይ ከአውራጃው የመጡ ሰዎች ትምህርት ቤቱን ዘጉ። የመዝሙር መጻሕፍቱን መንገድ ላይ ከምረው አቃጠሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር የከዳተኛ ምልክት የሆነውን ቢጫ ቀለም ቀቡት። በመንገድ፣ በሱቅ፣ በስልክም ቢሆን ከእንግሊዝኛ በቀር ማንም እንዳይናገር ተብሎ ወረቀት ተለጠፈ። ዛሬ በቀይ ቀሚስና በላባ ባርኔጣ «ጀርመናዊ ነን» እያሉ ሊጨፍሩ የተዘጋጁት የልጅ ልጆች ይህን አያውቁትም። መጽሐፉም ላይ አንድ መስመር አልተጻፈበትም፤ ትሪና ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው ፈልጋ አጥታዋለች።

ግን አንድ ነገር እሷም ለማንም አልተናገረችም።

በዚያው ዓመት በመከር ወቅት አያትና የልጅ ልጅ የድንጋይ ስኳር ሊገዙ ሱቅ ገቡ። ቩብኬ ወረቀቱን ማንበብ አትችልም። እንደ ወትሮዋ ጮክ ብላ በቋንቋዋ ስኳሩን ጠየቀች። ምድጃው አጠገብ የቆሙ ሦስት ወንዶች ዞሩ።

«ኦማ፣ ዝም በይ!» አለቻት ትሪና በሹክሹክታ። ኦማ ብላ ነው አያቷን የምትጠራት።

«ለምን ዝም እላለሁ? ስኳር ነው የጠየቅሁት።»

ከወንዶቹ አንዱ ጠጋ አለ። «ይህቺ የጀርመኑን ካይዘር ቋንቋ የምታወራ አሮጊት የማን ናት?»

ትሪና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፈራች። ከፍርሃቷም ይልቅ አፈረች፤ በአያቷ ራስ ጨርቅ፣ በእንጨት ጫማዋ፣ በአፏ። በእንግሊዝኛ እንዲህ አለች፤ «የእኛ ሰው አይደለችም። ቤታችን የምትሠራ ‘ሜይድ’ ናት።»

ቩብኬ ከተባለው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ገባት። ሜይድ፣ ማይድ። በሁለቱም ቋንቋ ያው ናት። የልጅ ልጇን ፊት አየች፤ ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ፣ በወጣትነቷ ለጌቶቿ ታደርገው እንደነበረው፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ እጅ ነሣች። ወንዶቹ ሳቁ። ስኳሩን አልሸጡላቸውም።

ቤት ሲደርሱ ቩብኬ ሻይ አፈላች፤ ያለ ስኳር። ለትሪና ቀዳችላት፣ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ሌሎቹ እስኪጠጡ ድረስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት ውጭ አንድ ቃል አልወጣትም። በፌብሩዋሪ 1919 ስትሞት ፓስተሩ በማታውቀው እንግሊዝኛ ሰበከላት። የትሪና አባትም የጀርመን ስም ድንጋይ ላይ ቢጽፍ ሰዎቹ መጥተው ይሰብሩታል ብሎ ፈራ፤ መሬት ላይ ትንሽ ድንጋይ አስቀምጦ በእንግሊዝኛ «እናት» ብቻ አስቀረጸ። ስም የለው፣ ዓመት የለው።

ትሪና አላገባችም። ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ለልጆች ምሳ ሠራች፤ ልጆቹም ቁጡ ነች ይሏት ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ሰባ ዓመት ሲሞላት የአገሩ ሰው እንደሚያደርገው የራሷን የመቃብር ድንጋይ ከወዲሁ አሠርታ ከአያቷ አጠገብ አቆመች፤ «ትሪና ኡበን 1899 –» ይላል፣ የሚቀረው አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ግን ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺን ትንሿን «እናት» እያየች ስም ሳታስጽፍባት ቀርታለች። ስሟን ብታስጽፍ ለምን እስከ ዛሬ አልጻፍሽም ይሏታል፤ ያን ብትመልስ ደግሞ ሱቁ ይመጣል። ስለዚህ በቨርሊን ስትቆጣ ግማሹ ቁጣ የራሷ ነበር። ይህን ስታውቀው ደግሞ ጨርሶ አበደች።

በማግስቱ ማለዳ ድንጋይ ቀራጩ ኩቼራ ዘንድ ሄደች። ኩቼራ የቼክ ተወላጅ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ካሉት፤ የማግዳሌናን ሐውልት የቀረጸው ሌላ ከተማ ያለ ድርጅት እንጂ እሱ አይደለም።

«የእኔን ድንጋይ ታውቀዋለህ?»

«ራሴ አይደለሁ የተከልኩት። ምነው፣ ዓመተ ምሕረቱን ልሙላልዎት? ትንሽ አልቸኮሉም?»

«ስሜን ፋቀው።»

ኩቼራ መዶሻውን አስቀመጠ። «ጤናዎን ነው፣ ወይዘሪት ትሪና?»

«ከዛሬ የበለጠ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። ፋቀውና በዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ቅረጽልኝ፤ ከዚያ ድንጋዩን ነቅለህ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ ‘እናት’ ከምትለው ራስጌ ትከለው።»

ወረቀቱን አንብቦ ፊደሉን በጣቱ ነካ። «እነዚህ ሁለት ነጥቦችስ? ያስፈልጋሉ?»

«ሁለቱም። አንዷን ብታጎድል አንተንም እዚያው ነው የምቀብርህ!»

ኩቼራ ሳቀና ራሱን ነቀነቀ። «የእኔን አያት ስም እንኳን ድንጋይ፣ ወረቀትም አልጻፈው» አለ። ወረቀቱንም አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እሑዱ ደረሰ። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ከኦማሃ የመጡ አኮርዲዮን ተጫዋቾች በቆዳ ቁምጣ ተኮፍሰው ያልባቸዋል። ትሪና ቁምጣዎቹን አይታ አንጀቷ አረረ። የባሕር ዳርቻ ሰው በቆዳ ቁምጣ! ያ የተራራ ሰዎች ልብስ ነው፤ ሃርም ኡበን ቢያያቸው እንኳን ዘመዶቼ ሊል ውሻ በለቀቀባቸው።

ከምሳ በፊት ሁሉም ወደ መቃብሩ በር ሄደ። መቶ ስልሳ ሰው ይሆናል። ሐውልቱ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። ቨርሊን ላቡን ጠርጎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ከሁላችንም ታላቅ አክስታችን ትሪና ናቸው! ጨርቁን እሳቸው ይግለጡልን!»

ጭብጨባ ሆነ። ትሪና ከወንበሯ ተነሣች። አንሶላው ድረስ ሄዳ ቆመች።

«የማላውቃትን ሴት አልገልጥም» አለች።

ከዘራዋን እያስቀደመች በመቃብሮቹ መካከል ወደ ውስጥ ገባች። ሰዉ የፕሮግራሙ ክፍል መስሎት ተከተላት፤ አኮርዲዮኑም ጭምር። ከሃርም አሮጌ ድንጋይ አጠገብ ቆመች። አዲስ የተተከለው ድንጋይ ፊቱ ከመፋቁ የተነሣ ከሌሎቹ ይነጣ ነበር። ፊት የደረሱት አነበቡት።

ቩብኬ ሂንሪክስ
ማግድ

«ይህቺ ናት» አለች ትሪና። ድምፁ የወጥ ቤቱ ድምፅ ነበር፤ መቶ ልጅ ያስቀምጥ የነበረው። «ባላባት አይደለችም። ርስት አልወረሰችም። ገረድ ነበረች፤ እናንተን ሁሉ ያስገኘችው ይህቺ ገረድ ናት። እዚህ ‘እናት’ ብቻ ተብላ የተኛችው በቋንቋዋ እንዳትናገር ስለተከለከለች ነው። እኔም ደግሞ…» እዚህ ላይ ከዘራዋን አጥብቃ ያዘች። «እኔም ደግሞ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ አያቴ አይደለችም ብያለሁ። ገረዳችን ናት ብያለሁ። ሰምታኛለች። እጅ ነሥታ ከጉድ አወጣችኝ። እናንተ ዛሬ በገረድነቷ ታፍራላችሁ፤ ከእናንተ በፊት እኔ አፍሬባታለሁና ተራችሁን ያዙ!»

ዶሪስ መሬት መሬት ታያለች። ቨርሊን ኮፍያውን አወለቀ፤ ጭንቅላቱ ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጭ ቀለበት ታየ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በእጁ ዳሰሰና ደነገጠ።

«አክስቴ፣ ይሄ የእርስዎ ድንጋይ ነው እኮ!»

«ነበር።»

«ስምዎስ?»

«ኩቼራ ፋቀው።»

«ታዲያ እርስዎ… ማለቴ፣ አንድ ቀን… የት ነው የምንቀብርዎት?»

ትሪና ከዘራዋን አነሣችና በሩ አጠገብ በአንሶላ ተሸፍኖ ወደቆመው ትልቅ ግራናይት ጠቆመችው።

«እዚያ፣ ማግዳሌና ሥር ቅበሩኝ» አለች። «ቦታው ሰፊ ነው፤ ማንም የለበትም።»